እናቴ የልደት ዘመኗን በእኛ አቆጣጠር ተናግራ መድኑ አልከፍልም አለ

ጠያቂ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ በሆቴል ሥራዋ በኩል የጤና መድን አላት። ለደም ግፊት ታክማ፣ ትናንት የ640 ዶላር ሒሳብ በፖስታ መጣባት። መድኑ «ታካሚዋን ከአባሎቻችን መካከል አላገኘናትም» ብሏል። ስመረምር የአባቷን ስም ገብረ ማርያምን ክሊኒኩ ለሁለት ከፍሎ «ማርያም»ን ብቻ የቤተሰብ ስም አድርጎታል። የልደት ቀኗን ሲጠይቋት ደግሞ እንደለመደችው ግንቦት 5 ቀን 1955 አለች፤ ዓመቱን እንዳለ ጻፉት። ካርዱ ግን ሜይ 13 ቀን 1963 ይላል። «ዋሸች ይሉኛል» ብላ እንቅልፍ አጥታለች። ይግባኝ ልጻፍ?

የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ፦
እኅቴ፣ መጀመሪያ እናትሽን አረጋጊልኝ፤ ማንም ዋሹ አይላቸውም። በክሊኒክ ሒሳብ ክፍል ስሠራ 11 ዓመቴ ነው፤ የአገራችን ሰው ፋይል እንዲህ ሆኖ ሲመለስ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። መድኑ በላከው ወረቀት ላይ ያልከፈለበት ምክንያት ቁጥር 31 ከሆነ፣ ሕክምናው አያስፈልግም ነበር ማለት አይደለም፤ በመዝገባችን አላገኘናቸውም ማለት ነው። ስለዚህ በይግባኝ አትጀምሪ። ለክሊኒኩ ደውለሽ የካርዱን ፊትና ጀርባ ላኪ፤ ለመድኑ የተስተካከለ የክፍያ ጥያቄ እንዲልኩና እስከዚያ ሒሳቡን ለዕዳ ሰብሳቢ እንዳያስተላልፉ ጠይቂ። ያነጋገረሽን ሰው ስምና ቀኑን ጻፊ። ክሊኒኩ የማቅረቢያ ጊዜ ገደብ አለበትና ዛሬ ነገ አትበዪ። መድኑ እምቢ ካለ እናትሽ ለይግባኙ የእምቢታው ማስታወቂያ ከደረሳቸው ጀምሮ 180 ቀን አላቸው።

ከእንግዲህ ስማቸውን በቃል አይናገሩ፣ ካርዱን ይስጡ። ካርዱ ራሱ ስማቸውን ቢያሳስት እንኳ ክሊኒኩ የሚጽፈው ካርዱ እንዳለው ነው፤ ካርዱን የሚያስተካክለው የሆቴሉ ሠራተኛ አስተዳደር ነው። ሐኪሙ ጋ ከመግባታቸው በፊትም ተቀባይዋ መድኑን በኮምፒውተር ታጣራ፤ ስሕተቱ ያኔውኑ ይወጣል። እኔ ለእናቴ የልደት ቀኗን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌ ከካርዱ ጀርባ ለጥፌላታለሁ።

የመንትዮች አባት፦
የእኔ ልጆች የልደት ቀናቸውም የአባት ስማቸውም አንድ፣ ስማቸውም በአንድ ፊደል ይጀምራል። መድኑ የአንዷን ክትባት ሒሳብ «ተደግሟል» ብሎ መለሰው። አሁን በካርዳቸው ላይ የየራሳቸውን መለያ ቁጥር ሳላሳይ አላስመዘግብም።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደወልኩ፤ የተስተካከለውን ማክሰኞ ልከዋል። ቁጥሩም 31 ነው። እናቴ ወረቀቷን ራሷ ጽፋ ለጥፋለች።