የአያቴ ወንድም ስም ኦንላይን መዝገብ ላይ ተበላሽቷል፣ ማስተካከያው አይመጣልኝም፤ ቶሎ እርዱኝ

ሚሚ ከአጂፕ፦
ሰላም የጅማ ልጆች። በናታችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የአያቴን ወንድም መዝገብ አገኘሁ፣ ግን ሁሉም ነገር የተበላሸ ነው። ጥላሁን ወልደሚካኤል መሆን ሲገባው ስም የሚለው ላይ «ፊላሁን ወልደ»፣ የቤተሰብ ስም የሚለው ላይ «ሚካኤል» ብለውታል። የትውልድ ቦታ «ኢማ»። ልደታቸው ደግሞ ጃንዋሪ 1 ቀን 1934 ይላል። እሳቸው የተወለዱት በኛ አቆጣጠር በ1934 ነው፣ በፈረንጅ 1942 መሆን ነበረበት። የአክስቴ ልጅ የዘር ሐረጋችንን ነገ ጠዋት ለማተሚያ ቤት ትሰጣለች። እሁድ የአያቴ 90ኛ ዓመት ነው። ዛሬ ማታ ሁሉንም ማስተካከል አለብኝ፣ ግን ማስተካከያ የሚል ነገር የለም። ምን ላድርግ?

ናቲ ፈረንጅ አራዳ፦
ስሙን ገልብጠሽ ፈልጊ። «ሚካኤል»ን ስም ቦታ፣ ሌላውን የአባት ስም ቦታ አድርጊው።

ሚሚ ከአጂፕ፦
ናቲዬ መዝገቡን አግኝቼዋለሁ እኮ። ማስተካከሉ ነው ያቃተኝ።

ሰሚራ፦
ሚሚ፣ የትኛው ድረ ገጽ ነው? ምን ዓይነት መዝገብ ነው? የዋናው ወረቀት ፎቶ ይታይሻል ወይስ የተተየበው ጽሑፍ ብቻ? ይህን ሳናውቅ የምንልሽ ሁሉ ግምት ነው።

ደረጀ ቆጪ፦
ኢማ ማለት ጅማ ናት! የ«ጄ»ዋን ጭራ ቆርጠውባት ነው። አገራችንን መልሱልን 😂

ጋሽ መምህር፦
ልጆቼ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። የፈረንጅ ቅጽ ሁለት ሳጥን ነው ያለው፤ አንዱ ለስም፣ አንዱ ለቤተሰብ ስም። እኛ ዘንድ ሁለተኛው የአባት ነው፣ ሦስተኛው የአያት። በየትውልዱ ይቀየራል። መዝገቡን የሚተይበው ሰው ግን መጨረሻ ያገኘውን የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ያስገባዋል። ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ የሚሉት ደግሞ ከመሐል ይሰነጠቃሉ። እኛ አካባቢ ባሰ። አባቱ በፈረሱ ስም «አባ እገሌ» ተብሎ የሚጠራ ሰው መዝገቡ ላይ «አባ» ብቻ ሆኖ ቁጭ ይላል። አባትና ልጅ፣ ወንድምና እህት በተለያየ «የቤተሰብ ስም» ተበታትነው ይቀራሉ። ስለዚህ ከኮምፒውተሩ በፊት አያትሽ ዘንድ ሂጂ። ስልክሽን ከፍተሽ ድምፃቸውን ቅረጪ። እስከ ሰባት ቤት ይቁጠሩልሽ። በ90 ዓመት ዕድሜ ያለ ሰው ራሱ መዝገብ ነው፣ ያውም ማንም ያልተየበው።

ሚሚ ከአጂፕ፦
እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እቀርጻታለሁ። ሰሚራ፣ ፋሚሊሰርች የሚባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽ ነው። የአሜሪካ ዜግነት ሲወስዱ የተሞላ ካርድ ነው፣ በእጅ የተጻፈ። በሱዳን በኩል ነው የሄዱት። ፎቶው ይታያል። በስልኬ ነው የምከፍተው።

ቶፊቅ፦
እህቴ፣ አትቀየሚኝና ልደቱ የኢንዴክስ፣ ማለትም ከወረቀቱ ላይ ሲተየብ የተፈጠረ፣ ስህተት አይመስለኝም። ፎቶውን አጉልተሽ እይው። ካርዱ ራሱ ጃንዋሪ 1፣ 1934 የሚል ከሆነ፣ የተየበው ሰው ያየውን ነው የጻፈው። ስደተኛ ሆነው የሄዱ አባቶቻችን ብዙዎቹ በጃንዋሪ 1 ነው የተመዘገቡት። ቀኑ በትክክል የማይታወቅ ሲሆን ዓመቱን ብቻ ይዘው ጃንዋሪ 1 ይሉታል። ዓመቱን ደግሞ እሳቸው በኛው አቆጣጠር ነግረዋቸው፣ ማንም ሳይቀይረው እንዳለ ገብቷል። የኔም አባት ወረቀት እንዲሁ ነው፣ አሜሪካ ሲደርስ በአንዴ ስምንት ዓመት ጨመረ።

ሚሚ ከአጂፕ፦
እና ስህተት ሆኖ ይቅር ነው የምትለኝ? አያቴ ጣልያን ከጅማ በወጣ በዓመቱ፣ ግንቦት ላይ ነው የተወለደው ትላለች። ካርዱን አየሁት፣ እውነትም 1934 ይላል።

ቶፊቅ፦
አያትሽ ልክ ናቸው። ጅማ ከጣልያን የተለቀቀችው ሰኔ 1933 ነው። በዓመቱ ግንቦት 1934 ይሆናል፣ በፈረንጅ 1942። ካርዱ ግን ሌላ ነው የሚለው። ካርዱን አንቺ መቀየር አትችዪም።

ናቲ ፈረንጅ አራዳ፦
እኔ አሁንም ገልብጠሽ ፈልጊ ነው የምለው። ለኔ ሠርቷል።

ሰሚራ፦
ቶፊቅ ያለው ትክክል ነው፣ ሚሚ። እኔ በበጎ ፈቃደኝነት ኢንዴክስ ሠርቻለሁ፣ ከዚያ ወገን ላስረዳሽ። ኢንዴክስ ማለት ወረቀቱ ላይ ያለውን ቃል በቃል መተየብ ነው። እውነት ነው ብለን የምናውቀውን እዚያ አንጽፍም። ስለዚህ ያንቺን ችግር ለሁለት ክፈይው።

ስሙና ቦታው እውነተኛ የኢንዴክስ ስህተት ናቸው። ፎቶው ላይ የ«ቲ»ዋን አናት አጉልተሽ እይ። በእጅ ጽሑፍ አግድሟ ወደ ግራ አጠር ብላ፣ መሐሏ ላይ ትንሽ ጭረት ካለች «ኤፍ» ነው የምትመስለው። ጥላሁን ፊላሁን የሆነው በዚህ ይመስለኛል። ደረጀ የቀለደባት «ጄ»ም ትልቁ «አይ» ትመስላለች፤ የድሮ የእጅ ጽሑፍ ላይ ሁለቱ ሁሌ ይምታታሉ፣ «ኤል» እና «ኤስ»ም እንደዚሁ። አሁን ደግሞ ኮምፒውተርም የእጅ ጽሑፍ እያነበበ ይተይባል፣ እሱም የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። እነዚህን አስተካክዪ።

ልደቱን ግን አትንኪው። ካርዱ 1934 ካለ ኢንዴክሱም 1934 ይበል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በራስሽ አካውንት ግቢ፣ ነፃ ነው። ከተቻለ ኮምፒውተር ላይ ክፈቺው፣ በስልክ ሁሉም ነገር አይመጣም። የመዝገቡ ገጽ ላይ «ኤዲት» የሚል ካለ ተጭነሽ፣ ስሙን ፎቶው ላይ እንዳለው ጻፊ፣ በኢንዴክስ ወቅት የተፈጠረ ስህተት ነው የሚለውን ምክንያት ምረጪ። አሮጌው አይጠፋም። ሁለቱም ይቀመጣሉ፣ በሁለቱም ስም ፍለጋ ላይ ይመጣል። «ኤዲት» ጨርሶ ከሌለ ግን ያ ስብስብ ማስተካከያ አልተፈቀደለትም ማለት ነው። አንዳንዱ እንደዚያ ነው፣ ድረ ገጹ ከመዝገቡ ባለቤት ጋር ባለው ውል ይወሰናል። ያኔ ጥፋቱ ያንቺም የስልክሽም አይደለም።

ጋሽ መምህር፦
በጣም ጥሩ ማብራሪያ ነው ልጄ ሰሚራ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ሄለን፦
አንሴስትሪ የሚባለው ሌላው የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ ላላችሁም ተመሳሳይ ነው። የመጀመሪያውን አያጠፋልሽም፣ ያንቺን አማራጭ አድርጎ ከጎኑ ያስቀምጣል። ሌላ ሰው ሲፈልግ ግን በትክክለኛው ስም ያገኘዋል። ለዘመድ ትልቅ ውለታ ነው።

ሚሚ ከአጂፕ፦
ቤት ኮምፒውተር የለም፣ ኔትወርኩም ይሄዳል ይመጣል። ማተሚያ ቤቱ ነገ ጠዋት ነው እኮ!! አክስቴ ልጅ ጋ ያለው ፋይል ላይ «ፊላሁን ሚካኤል» ተብሎ ቁጭ ብሏል። አያቴ ስታየው ምን ትላለች?

ቶፊቅ፦
ቆይ፣ ቆይ። የሚታተመው የእናንተ ፋሚሊ ትሪ (የዘር ሐረጉ) ነው ወይስ ኢንዴክሱ? ፋሚሊ ትሪውን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። ኢንዴክሱ ዛሬ ባይስተካከልም ለህትመቱ ምንም አያግደውም። አሁኑኑ ለአክስትሽ ልጅ ደውዪላት። መዝገቡን ከሰውየው ጋር ስታያይዘው የተበላሸው ስም አብሮ ገብቶ ይሆናል። በእጇ ትቀይረው፦ ጥላሁን ወልደሚካኤል፣ ጅማ፣ ግንቦት 1934። በፈረንጅ 1942 ብላ ከጎኑ ታድርግ። መዝገቡን እንደ ማስረጃ ታቆየው፣ ማስታወሻው ላይ «ካርዱ ጃንዋሪ 1፣ 1934 ይላል፤ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተነገረ ነው» ብላ ትጻፍ። ያንን ማስታወሻ ካልጻፋችሁ ነገ አንዱ የቤተሰባችሁ ልጅ ሁለት ጥላሁን ያደርጋቸዋል።

ሰሚራ፦
ይሄ ነው! ሚሚ፣ የካርዱንም ስክሪንሾት ያዢ፣ ከነማጣቀሻ ቁጥሩ። ኔትወርክ ሲስተካከል ኤዲቱን ትሠሪዋለሽ።

ደረጀ ቆጪ፦
እሁድ ቡናው የት ነው የሚፈላው? እኛም የቤተሰቡ ነን፣ በኢማ በኩል።

ሰናይት ቦሳ፦
ሚሚ ምን ደረሳችሁ? ፋይሉ ደረሰ? እኔም የአባቴን አጎት እየፈለግኩ ነው፣ እሳቸውም በሱዳን ነው የወጡት። በየትኛውም አጻጻፍ ብሞክር አልመጡልኝም። ናቲ እንዳለው ገልብጬም ሞከርኩ።

ሰሚራ፦
ሰናይት፣ ስሙን ጨርሶ ተይው። ትውልድ ቦታ «ኢትዮጵያ»፣ የሚኖሩበትን ከተማ፣ ልደቱን ደግሞ ሰፋ አድርገሽ አስገቢ፤ ከትክክለኛው ዓመት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ድረስ፣ ቶፊቅ ባለው ምክንያት። ብዙ ሰው ከመጣብሽ ስሙን አስገቢና የምትጠራጠሪውን ፊደል በጥያቄ ምልክት ተኪው፣ አንድ ፊደልን ይወክላል። መጨረሻው ላይ ስንት ፊደል እንዳለ ካላወቅሽ የኮከብ ምልክት አድርጊ። ካልሆነ የአባታቸውን ስም እዚህ ጻፊልኝ፣ አብረን እንፈልጋለን።