ከሸዋ ሮቢት ወደ መንዝ ጓሳ፦ ስድስት ሰው፣ ሁለት ሌሊት በድንኳን

የሮቢት ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ወገኖች። ኅዳር መጨረሻ ላይ ስድስት ሆነን ከሸዋ ሮቢት ተነስተን ጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ሁለት ሌሊት ለማደር አስበናል። ሁላችንም ቆላ ያደግን ነን። ያለን ዕቃ ሁለት ባለ ሦስት ሰው ድንኳን፣ ቀጭን የስፖንጅ ምንጣፍ፣ በጣሳ ጋዝ የሚሠራ ትንሽ ምድጃና አንድ ሚኒባስ ነው። ብርዱን በምን እንቻለው? ድንኳኑ ውስጥ ከሰል ብናነድስ? ቀይ ቀበሮ ለማየት የትኛው ሰዓት ይሻላል? አንዱ ጓደኛችን ደግሞ ውሻውን ይዞ መምጣት ይፈልጋል፣ ይቻላል ወይ?

ደጋ ሰው፦
ከከሰሉ ልጀምር፣ ሌላው ይደርሳል። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም ከሰል ድንኳን ውስጥ አይገባም። እንዲያውም የሚያታልለው ጭስ የሌለው ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል። «ዚፑን ገርበብ እናደርጋለን» ማለት አያድንም። ሚኒባሱም ያው ነው።

ወደ ብርዱ ስንመጣ፣ ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ነው። በኅዳር ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ሰው ሁሉ የሚደርበውን ያስባል እንጂ የሚያነጥፈውን አያስብም፤ ቀጭን ስፖንጅ ደግሞ ስትተኙበት ይጨፈለቅና መሬቱ ሙቀታችሁን ይመጠዋል። መጀመሪያ ላስቲክ፣ በላዩ ስፖንጁን ሁለት ድርብ፣ ከዚያ ባና (የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ) አንጥፉ። ከላይ ከሚደረቡ ሁለት ባናዎች ከሥር የተነጠፈ አንዱ ይበልጣል፣ የመንዝ ባና ደግሞ እዚያው አገሩ ነው። ቀን የለበሳችሁትን ልብስ ይዛችሁ አትተኙ፣ በላብ ርሷልና። ለሌሊት ብቻ የሚሆን ደረቅ ካልሲና ኮፍያ ለዩ። ሙቅ ውሃ በኮዳ ሞልቶ እግር ሥር ማድረግ ጥሩ ነው፤ የሃይላንድ ፕላስቲክ ግን በፈላ ውሃ ይጨማደድና ክዳኑ ያፈሳል። ጠንካራ ኮዳ ፈልጉና ካልሲ አልብሱት።

ድንኳኑን ለካምፕ በተፈቀደው ቦታ፣ ረባዳና ጨፌ ሸሽታችሁ ትከሉ። ቀዝቃዛ አየር ሌሊት እንደ ውሃ ወደ ታች ይወርድና ረባዳው ላይ ይተኛል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ የምታዩት እዚያ ነው። ትንሽ ከፍ ያለ፣ የምሥራቅ ፀሐይ ቶሎ የሚያገኘው ተዳፋት ይሻላል። የድንኳኑን የላይ መተንፈሻ አትድፈኑት፤ ሦስት ሰው ሲተነፍስ ያደረው እንፋሎት ጣሪያው ላይ ይረጋና ንጋት ላይ ብርድ ልብሳችሁ ላይ ይንጠባጠባል።

ነርስ ከደብረ ብርሃን፦
ከብርዱ በፊት ከፍታውን አስቡ። ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር ገደማ ነው፤ በአንድ ቀን ሁለት ሺህ ሜትር ወጥቶ እዚያው ማደር ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል። ደብረ ሲና መንገዳችሁ ላይ ስለሆነ አንድ ሌሊት እዚያ እደሩ። በመጀመሪያው ቀን ዳገት አትሩጡ፣ አረቄም ይቅር፤ የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ ሙቀት ያስወጣል። ራስ ምታቱ በፓራሲታሞል ካልለቀቀ፣ ማስታወክ ከመጣ፣ ወይም ሰውየው ቀጥ ባለ መስመር መራመድ ካቃተው ንጋትን አትጠብቁ፣ ወዲያው ወደ ታች አውርዱት። ተቀምጦ እንኳ ትንፋሽ የሚያጥረውም እንዲሁ።

አስታ፦
ውሻው ይቅር፣ ምንም ክርክር የለውም። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 አይበልጥም፣ ትልቁ ጠላቱም ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላ የውሻ ተላላፊ በሽታ ነው። «ተከትቧል» አይበቃም፤ ለአንዱ ቢከተብ ለሌላው ላይከተብ ይችላል።

ቀበሮው የቀን አዳኝ ነው፣ የሚያድነውም አይጥና ፍልፈል ስለሆነ ሌሊት መጠበቅ አያስፈልግም። ጠዋት ፀሐይ ሣሩን ካሞቀች በኋላና ከሰዓት በኋላ ጥሩ ነው። ግን መጀመሪያ ጭላዳ ዝንጀሮውን ፈልጉ። ጭላዳ ሌሊት ገደል ላይ አድሮ ረፋድ ላይ ለግጦሽ ይወጣል፤ ቀበሮው ብዙ ጊዜ መንጋው መሐል ገብቶ ያድናል። ጓሳ ላይ በተደረገ ጥናት ቀበሮው ጭላዳ መሐል ሲሆን ካደነው 67 ከመቶ፣ ብቻውን ሲሆን 25 ከመቶ ተሳክቶለታል። ስለዚህ መንጋ ስታገኙ በመነጽር መሐሉን ቃኙ። አትጠጉ፣ ምግብ አትወርውሩ። ወንዱ ጭላዳ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካሳያችሁ ወደ ኋላ በሉ።

እንጨት በተመለከተ፣ አስታ የሚባለውን ቁጥቋጦ አትቁረጡ፣ ጓሳ ሣሩንም ለምንጣፍ አትጨዱ። ይህ መሬት ዛሬም የማኅበረሰቡ ነው። ቄሮ በሚባለው በቀድሞው የማኅበረሰቡ የሣር አጠባበቅ ሥርዓት ሣሩ ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ የዛሬው ጥበቃ የዚያ ልጅ ነው። እሳት የት እንደሚፈቀድ ስካውቱን (የጥብቁን ሥፍራ ጠባቂ) ጠይቁ። ኅዳር ላይ ሣሩ ደርቋል፤ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል።

መዘዞ በር፦
መንገዱ፦ ከደብረ ሲና ወጥታችሁ የጣርማ በርን ዋሻ ካለፋችሁ በኋላ የመዘዞን መታጠፊያ ያዙ፤ ጓሳ መሐል ሜዳ ሳትደርሱ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ደህንነትና ሁኔታ መሐል ሜዳ ለሚያውቅ ሰው ደውላችሁ አረጋግጡ። ዋጋውንም ያኔ ጠይቁ፣ ይለዋወጣል። ነዳጅ ሙሉ። ሚኒባሱ ለደረቅ ወራት ይሆናል፤ ዝናብ ከጣለ ግን ከዋናው መንገድ አታስወጡት።

ከድንኳን ጋር ብዙም አልስማማም። የማኅበረሰቡ ሎጅ አለና የመጀመሪያዋን ሌሊት እዚያ አሳልፉ፣ ሁለተኛዋን በድንኳን። አስቀድማችሁ ቦታ ያዙ።

የሮቢት ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ውሻው ቀርቷል። ምድጃውና ምግቡ ላይ ምን ትላላችሁ?

ደጋ ሰው፦
ቡታን ብቻ ያለበት የጋዝ ጣሳ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ እንፋሎት መስጠት ያቆማል፤ ጠዋት ምድጃው ሲያንቀላፋ «ጋዙ አለቀ» ብላችሁ እንዳትጥሉት። ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ አሳድሩት፣ ወይም ኢሶቡታንና ፕሮፔን የተቀላቀለበትን ግዙ። እሳት አጠገብ አስጠግታችሁ ግን አታሙቁት።

በዚያ ከፍታ ውሃ 89 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ባቄላና ሽምብራ ይዞ መሄድ ጋዝ ማባከን ነው፤ ሽሮ፣ በሶ፣ ጭኮና ዳቦ ያዙ። ምስር ካላችሁ ክክ ይሁን፣ ቀድማችሁ ንከሩት። የምንጭ ውሃ መጠጣት ካለባችሁ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ለመጠጥና ለማብሰያ በሰው በቀን ሦስት ሊትር ብትይዙ ለስድስት ሰው ለሁለት ቀን 36 ሊትር ነው፤ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። ሌሊት ድንኳኑ ውስጥ አስገቡት፣ ደጅ ካደረ ጠዋት አፉ ላይ በረዶ ታገኛላችሁ።