የዕጩ መምህራን የአብሮ መኖር ካምፕ፦ ፕሮፖዛሉን እዚሁ እንጨርሰው

ሰብሳቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁን አይታችሁታል ብዬ ልነሳ። 60 ዕጩ መምህራን፣ 10 አሠልጣኞች፣ አምስት ቀን፣ አንድ ግቢ። ሌክቸር አይደለም የምንፈልገው፤ አብሮ ማደር፣ አብሮ መሥራት፣ ተጣልቶ መታረቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ዣክ ደሎር የመራው የዩኔስኮ ኮሚሽን የትምህርት አራት ምሰሶዎች ብሎ ከዘረዘራቸው አንዱ አብሮ መኖርን መማር ነው፤ መግቢያው ላይ ያስገባሁት ለዚህ ነው። የቀረው ገና ጥሬ ነው። «አሪፍ ነው» ብሎ ማለፍ ክልክል ነው፣ ያልተመቻችሁን በግልጽ ጻፉ።

የአምና ተሳታፊ፦
እሺ እኔ ልጀምር። አምና ዕጩ እያለሁ ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ካምፕ ገብቼ ነበር። የእኛ ረቂቅ የሰዓት ሰሌዳ የዚያ ግልባጭ ነው የሚመስለው፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ጢም ብሎ ሞልቷል። ከዚያ ሁሉ ፕሮግራም ዛሬ ትዝ የሚለኝ አንድ ድስት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሁለተኛው ማታ የትልቁ ድስት እጥበት የማን እንደሆነ ጠፋ። ሰሌዳው «ቡድን ሦስት» ይላል፣ ቡድን ሦስት ደግሞ ያው ሰሌዳ ስብሰባ ልኮታል፤ ድስቱ ሥሩ አሮ ደጅ አደረ። ጠዋት ሁሉም ዘሎት እያለፈ ተነጫነጨ። ክፍል ውስጥ ድምፁን ሰምተነው የማናውቅ አንድ ልጅ ነበር፣ እጅጌውን ሰብስቦ ቁጢጥ አለና መፈተግ ጀመረ። ምንም አልተናገረም። አንዷ ውኃ አቀረበችለት፣ ሌላው ጆሮውን ያዘለት (የድስቱን ማለቴ ነው)፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አምስት ሆነን እየተሳሳቅን ነበር። አሠልጣኞቹ የት ነበሩ? ጥላ ሥር ወንበር ላይ፣ ለ«ትብብር» ነጥብ እየሞሉ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ስለዚህ አሠልጣኝም በሥራ ተራው ውስጥ ይግባ። ሰሌዳውም ክፍት ሰዓት ይኑረው።

አንጋፋ አሠልጣኝ፦
ልጄ፣ ያልሽው አይካድም። ግን ሌሊት የታመመ ቢኖር፣ ግቢውን ጥሎ የወጣ ቢኖር የምንጠየቀው እኛ ነን። አሠልጣኙ ድስት ላይ ከተደፋ ማን ይከታተላል? ክፍት ሰዓት የምትይውንም አውቀዋለሁ፣ ሁሉም ስልኩ ላይ ነው የሚተኛው።

የአምና ተሳታፊ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ አስራችሁም በአንዴ እጠቡ አላልኩም። በየቀኑ ሁለት አሠልጣኝ ሥራ ላይ፣ አንድ ደግሞ የሌሊት ተረኛ፣ ሌሎቹ እንደተለመደው። ስልኩንም ይያዙት፤ ሲሰለቻቸው ቀና ይላሉ።

የጤናና ንጽሕና ንዑስ ኮሚቴ፦
ረቂቁ «በቂ ውኃና መጸዳጃ» ይላል። በቂ ማለት ስንት ነው? በአደጋ ጊዜ ለሚቋቋሙ መጠለያዎች የወጣው የስፊር መመሪያ በትንሹ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ውኃ፣ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ፣ ለመኖሪያ ደግሞ በነፍስ ወከፍ 3.5 ካሬ ሜትር ይላል። እኛ አደጋ ላይ ያለን ሰዎች አይደለንም፤ አቅደን፣ ቀን ቆርጠን ገብተን ከዚያ በታች ከወረድን ግን ነውር ነው።

እንግዲህ 70 ሰው በ15 ሊትር በቀን 1,050 ሊትር ነው። አንድ የሺህ ሊትር ሮቶ ይበቃል ብሎ የመጣ ሰው የመጀመሪያውን ማታ ሳይዘልቅ ያፍራል። ለአምስቱ ቀን 5,250 ሊትር፣ ያውም የሚፈስና የሚባክን ሳይቆጠር። መጸዳጃው በስሌት ሦስት ተኩል ስለሚመጣ አራት እንበል። መመሪያው ለሴቶች ሦስት፣ ለወንዶች አንድ እያለ እንዲከፋፈል ይመክራል። የመኝታ ቦታው 245 ካሬ ሜትር ነው፤ ለመሆኑ አዳራሹን በሜትር የለካ ሰው አለ? «ሰፊ ነው» ልኬት አይደለም። የጉድጓድ መጸዳጃ ከሆነ ደግሞ ከውኃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከመኝታው ግን ከ50 ሜትር አይለፍ።

የሴት ዕጩዎች ተወካይ፦
50 ሜትር በጨለማ ሩቅ ነው። መንገዱ ላይ መብራት፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ ይኼ ካልተጻፈ አልፈርምም። ሌላው ደግሞ የምታጠባ እናት አለች፣ በዊልቸር የሚሄድ ልጅ አለ። ረቂቁ «ሁሉም ዕጩዎች ያድራሉ» ብሎ ዘግቶታል። ማደር የማይችል ሰው ቀን ቀን መጥቶ ሙሉ ተሳታፊ የሚሆንበት መንገድ ይከፈት፣ ምክንያቱንም ለአንድ ሰው ብቻ ይንገር፤ ለኮሚቴ ሙሉ ማስረዳት የለበትም።

መርሐ ግብር አዘጋጅ፦
ክፍት ሰዓቱን ተቀብያለሁ፣ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ባዶ አደርገዋለሁ። ግን ካምፑ እንዲሞቅ አራት ቡድን አድርገን በስፖርትም በጽዳትም በቴአትርም እናወዳድር፣ መጨረሻ ላይ ዋንጫ። ፉክክር ሰውን ያነቃቃል።

የሥነ ልቦና መምህር፦
ወንድሜ፣ ያነቃቃል፣ ያባላልም። እ.ኤ.አ. በ1954 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሙዛፈር ሸሪፍና ባልደረቦቹ ኦክላሆማ ውስጥ ሮበርስ ኬቭ በሚባል ቦታ 22 ወንድ ልጆችን ካምፕ አስገብተው ሁለት ቦታ ከፈሏቸው። ለሽልማት ሲወዳደሩ ባንዲራ እስከ ማቃጠልና አንዱ የሌላውን መኝታ ወርሮ እስከ ማመሳቀል ደረሱ። ከዚያ አብሮ መብላትም፣ አብሮ ፊልም ማየትም አላስታረቃቸውም። ያቀራረባቸው ውኃው ሲቋረጥ መስመሩን አብረው መፈተሻቸው፣ አልነሳ ያለውን መኪና በገመድ አብረው መጎተታቸው ነው። ተመራማሪዎቹ ጠቡን ራሳቸው አራግበዋል የሚል ትችት አለ፣ ትችቱም ልክ ነው፤ የእኛ ዋንጫስ ሌላ ምን ሊሠራ ነው? የአምናዋ እህታችን ያወራችው ድስት ከዚያ መኪና በምን ያንሳል?

ኳሱን ተጫወቱ። ጽዳት ላይ ግን ነጥብ አታድርጉ፤ ቡድኖቹንም በሦስተኛው ቀን በትኗቸው።

መርሐ ግብር አዘጋጅ፦
ዋንጫው ቀረ በቃ። ቅር ቢለኝም።

ሒሳብ ያዥ፦
አጭር ነኝ። ሠንጠረዡ ላይ ቲሸርትና ባነር ከውኃው በላይ ተጽፈዋል። ሠንጠረዡ ካምፕ ሳይሆን ሰልፍ ነው የሚመስለው። ቲሸርቱን ሰርዣለሁ፤ ለተጨማሪ ሮቶ፣ ለመብራትና ለመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ሣጥን አዙሬዋለሁ። ለመጠባበቂያ ከጠቅላላው አሥር በመቶ ይያዝ፣ ያልተነካው ይመለሳል።

አንጋፋ አሠልጣኝ፦
ውጤቱስ? ነጥብ ከሌለው ዕጩው በቁም ነገር አይዘውም።

የሥነ ልቦና መምህር፦
ጋሼ፣ ነጥብ ካለው ደግሞ ለነጥቡ ሲል ያስመስላል። የትምህርት ተመራማሪው ዴቪድ ኮልብ እ.ኤ.አ. በ1984 ያቀረበው የልምድ ትምህርት ዑደት ሰው ያደርጋል፣ ያደረገውን መለስ ብሎ ያያል፣ ከዚያ ሐሳብ ያወጣል፣ እንደገና ይሞክረዋል ይላል። ካምፕ ላይ ሁልጊዜ የሚዘለለው ሁለተኛው ነው፣ ሁሉም ደክሞት ይተኛላ። ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት በስምንት በስምንት ሰው ክብ ተቀምጠን «ዛሬ ምን አናደደህ፣ ምን አደረግህ» እንባባል፤ አሠልጣኙም የራሱን ይናገር። የግል ማስታወሻቸውን ማንም አያነብም። አምስቱን ቀን ከተሳተፈ አለፈ፣ ካልተሳተፈ አላለፈም፣ ሌላ ነጥብ የለም።

አንጋፋ አሠልጣኝ፦
ይሁን። «ተሳተፈ» ማለት ምን እንደሆነ ግን ይብራራልኝ፣ ቆሞ የሚያይም ተሳትፌያለሁ ይላል።

የአምና ተሳታፊ፦
በየቀኑ አንድ የቤት ሥራ፣ ማለትም ውኃ ወይ ወጥ ቤት ወይ ጽዳት፣ እና የማታው ክብ። ቀን ቀን ለሚመጡትም ያው፣ የማታው ክብ ብቻ ወደ 11 ሰዓት ይምጣላቸው።

ሰብሳቢ፦
ጥሩ። ክፍል ሦስትን እንዲህ አድርጌ ጽፌዋለሁ፦ «አሠልጣኞች በየዕለቱ ሁለት ሁለት እየሆኑ ከዕጩዎች እኩል በሥራ ተራ ይሰማራሉ፤ አንድ አሠልጣኝ የሌሊት ተረኛ ይሆናል። ከ9 እስከ 11 ሰዓት ምንም መርሐ ግብር አይያዝም። የቤት ሥራ አይወዳደሩበትም፣ ነጥብም አይሰጥበትም።» የውኃ፣ የመጸዳጃና የመብራቱ ቁጥር እንዳለ ገብቷል፣ ማደር ለማይችሉት የሚለውም። ያልተዘጋው የአዳራሹ ልኬት ነው፤ ከ245 ካሬ ሜትር ካነሰ ወይ ሰው እንቀንሳለን ወይ ሌላ ግቢ እንፈልጋለን። ሜትር ይዞ ማን ይሂድ?

ሒሳብ ያዥ፦
እኔ ቅዳሜ እሄዳለሁ።

አንጋፋ አሠልጣኝ፦
የሁለተኛው ማታ ድስት ላይ እኔን መዝግቡኝ። መፈተጊያ ግን ይገዛ፣ ቲሸርቱ ተሰርዞ የለ።

የአምና ተሳታፊ፦
ሁለት ይገዛ ጋሼ። ያኛው ድስት ትልቅ ነበር።