የአስፈሪ ፊልም ፖስተሬ ጠቁሮ ወጣብኝ፤ ነገ ጠዋት ይታተማል፣ እባካችሁ እርዱኝ

የቀለም ልጅ (ጠያቂ)፣ ማታ 2፡40
እባካችሁ የሚያውቅ ይርዳኝ። «የሌሊት ደጅ» ለሚባል አስፈሪ ፊልም ፖስተር ሠርቻለሁ፤ ምስሉን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ኮምፒውተሬ ላይ በጣም ያምራል፤ በሩ ላይ የቆመችው ሴት ፊቷ በጭላንጭል ይታያል፣ ከኋላዋ ደረጃው አለ፣ አርእስቱ ደም ያንጠባጥባል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ማተሚያ ቤቱ የሙከራ ቅጂ ሲሰጠኝ ግን ፊቷ የለም! ደረጃውም የለም። ጥቁር በጥቁር ሆኗል። ቀዩም የደረቀ ቡና መስሏል። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 200 ቅጂ ይታተማል። ማሽናቸው የተበላሸ ይመስለኛል። ፕሮዲዩሰሩ ደግሞ «ደሙ አንሷል፣ ጨምሪበት» እያለኝ ነው። ምን ላድርግ?

ሰባተኛ ረድፍ፣ 2፡47
በምን ፕሮግራም ሠራሽው? ወረቀቱ ምን ዓይነት ነው? መጠኑስ? ሐኪም ቤት ሄዶ «አመመኝ» ብቻ ቢሉ መድኃኒት አይታዘዝም እህቴ።

አዲስ ገጽ፣ 2፡49
ፋይሉን ከአርጂቢ (የስክሪን ቀለም) ወደ ሲኤምዋይኬ (አራቱ የማተሚያ ቀለሞች) ቀይሪው። በቃ።

የፊልም ወዳጅ፣ 3፡05
ከቀለሙ በፊት ስለ ደሙ አንድ ነገር ልበል። ሰው የሚፈራው ያየውን ሳይሆን ሊያይ የተቃረበውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣውን የ«ዘ ኤክሶርሲስት» ፖስተር ተመልከቺ፤ ቢል ጎልድ ነው የሠራው። ባርኔጣ ያደረገ፣ ሻንጣ የያዘ ሰው በመንገድ መብራት ሥር ከአንድ ቤት ፊት ለፊት ቆሟል፤ ከመስኮቱ ብርሃን ይፈስሳል። ጭራቅ የለም፣ ደም የለም፣ ጋኔን ያደረባት ልጅ እንኳ አትታይም። ግን ያ ሰው ወደዚያ ቤት እንዳይገባ ትለምኚዋለሽ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የ«ጆውስ» ፖስተርም እንዲሁ ነው። ሮጀር ካስቴል የሣላት ሴት ከላይ በሰላም ትዋኛለች፤ ከሥሯ ያ ግዙፍ የሻርክ አፍ ይመጣል። እሷ አታውቅም፣ እኛ እናውቃለን። ደም ጠብ ሳይል ልብ ይቆማል።

የኛ ሲኒማ ቤቶች በር ላይ የሚለጠፈው አብዛኛው ፖስተር የተዋናዮች ፊት የተደረደረበት ነው። ለፍቅርና ለአስቂኝ ፊልም ይሆናል፤ ተመልካቹ የሚወደውን ሰው ፈልጎ ይገባል። ለአስፈሪ ፊልም ግን አንድ ምስል፣ አንድ የብርሃን ምንጭ፣ ብዙ ባዶ ቦታ ይበቃል። ፕሮዲዩሰርሽን ይህን አስረጂው።

ሰባተኛ ረድፍ፣ 3፡09
ወዳጄ፣ ልጅቷ እኮ ነገ ጠዋት ታትማለች። ትምህርቱ መልካም ነው፤ ፊቷን ግን አልመለሰላትም።

የማተሚያ ሰው፣ 3፡22
ልጄ፣ ማሽኑን አትውቀሺ። ኮምፒውተርሽ ራሱ ብርሃን ያወጣል፤ ወረቀት ግን ክፍሉ የሰጠውን ብርሃን ብቻ ነው የሚመልሰው። ደግሞም ቀለም ወረቀት ላይ ሲያርፍ ነጠብጣቦቹ ይሰፋሉ። አንቺ ጥላው ውስጥ ያስቀመጥሽው ትንሽ ልዩነት የተደፈነው በዚህ ምክንያት ነው።

«ሲኤምዋይኬ አድርጊው» ያለሽ ወንድም አልተሳሳተም፤ ነገር ግን ብቻውን አያድንሽም። ፎቶሾፕ በተለመደው የአሜሪካ ቅንብሩ ድፍን ጥቁርን ሲቀይር ሳያን (ውሃ ሰማያዊ) 75፣ ማጀንታ (ሐምራዊ ቀይ) 68፣ ቢጫ 67፣ ጥቁር 90 ያደርገዋል። ድምሩ 300 በመቶ ነው። ለማያብረቀርቅ ተራ ወረቀት ይህ ከልክ በላይ ነው፤ ቶሎ አይደርቅም፣ ከላዩ በተጫነው ወረቀት ጀርባ ላይ ይለጠፋል። የጀርባውን ጥቁር በዚያው ቅደም ተከተል 60፣ 40፣ 40፣ 100 አድርጊው። 240 ይሆናል፤ ጥልቀቱ አይጎድልም።

ፊቷን ለብቻው አውጪና አብሪው። ኮምፒውተርሽ ላይ «ይህማ በዛ» እስክትዪ ድረስ አብሪው፤ እንዲታይ የምትፈልጊው ጥላ ላይ ጥቁሩ ከ85 አይለፍ። ቀዩን ከ0፣ 100፣ 100፣ 0 ጀምሪ፤ ጠቆር እንዲል ካስፈለገ ጥቁር 10 ጨምሪ፣ ከዚያ በላይ ከሄድሽ ያው ቡናሽ ተመልሶ ይመጣል። ጥቁር ቀይ በጥቁር ላይ ከመንገድ ማዶ አይነበብም፤ ስለዚህ አርእስቱ ነጣ ያለ ይሁን።

ጠዋት ቀድመሽ ድረሺና ፊቷን ብቻ በእውነተኛ መጠኑ በኤ4 ልክ ቆርጠሽ በዚያው ወረቀት አሳትሚ። መስኮት አጠገብ ሳይሆን ጥላ ውስጥ ሆነሽ እዪው።

ወለተ ብራና፣ 3፡40
አርእስቱን አንብባችሁታል? እኔ በመጀመሪያ ያነበብኩት «የሌሊት ዳጅ» ብዬ ነው። ደሙ በ«ደ» ቀኝ እግር ላይ ስለወረደ እግሩ ረዝሞ «ዳ» ሆኗል። በላቲን ፊደል ደም ቢንጠባጠብ ፊደሉ ያው ፊደል ነው። በእኛ ግን ቀኝ እግር ሲረዝም «ለ» «ላ» ይሆናል፣ «በ» «ባ» ይሆናል፣ «ሰ» «ሳ» ይሆናል። አናባቢያችን ያለው እዚያች እግር ላይ ነው፤ ከውጭ አገር ፎንት የተቀዳ ጌጥ ቃሉን ይለውጥብናል። አስፈሪ እንዲሆን ከፈለግሽ ፊደሉን አሮጌ አስመስዪው፦ ጠርዙን ሸርፊው፣ እንደ አሮጌ የበር ቀለም ይላጥ። እግሮቹን ግን አትንኪ፤ ይህ ነገር በእውነት ያሳዝነኛል።

የቀለም ልጅ፣ 4፡02
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! «ዳጅ» የሚለውን አሁን ሳየው ደነገጥኩ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ አላየሁትም። ፕሮግራሙ ፎቶሾፕ ነው፣ አርጂቢ ነበር፣ መጠኑ 50 በ70 ሴንቲ ሜትር፣ 150 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 150 ነጥብ)፣ ወረቀቱ የማያብረቀርቅ። ጋሼ፣ ወደ 300 ላሳድገው?

የማተሚያ ሰው፣ 4፡08
አታሳድጊው። የሌለ ዝርዝር በመለጠጥ አይፈጠርም። በ300 ከጅምሩ ቢሠራ 5906 በ8268 ፒክስል ይሆን ነበር፤ ግን ከአንድ ሜትር በላይ ርቀት ለሚታይ 150 ይበቃል። ከሥር ያሉት የሠራተኞች ስሞች ግን በፒክስል አይቅሩ፤ በኢሉስትሬተር (ፊደልን በፒክስል ሳይሆን በመስመር በሚሥለው ፕሮግራም) ጻፊያቸውና ወደ ቅርጽ ቀይሪያቸው፣ አለበለዚያ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ሳጥን ሳጥን አድርጎ ያወጣቸዋል። ቀጭን ፊደል አትጠቀሚ፤ አራቱ ቀለሞች በጥቂቱ ከተዛነፉ ነጩን ጽሑፍ ይውጡታል። በአራቱም ጠርዝ ምስሉን ከመቁረጫው መስመር 3 ሚሊ ሜትር አሳልፊው።

ሐረግ፣ 4፡30
እኔ ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። በቤተ ክርስቲያኖቻችን የግድግዳ ሥዕል ጻድቃን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዐይን ይሣላሉ፤ ክፉዎችና አጋንንት በጎን፣ በአንድ ዐይን። ይህን ያላየ የአገራችን ሰው ጥቂት ነው። ሴትዮዋን በጎን አዙሪያት። ማንም ሳይነግረው ተመልካቹ «ይህች ደህና አይደለችም» ይላል። ለኅትመቱም ይቀልልሻል፦ ግንባሯን፣ አፍንጫዋንና ከንፈሯን የሚከተል አንድ የብርሃን መስመር ከተገኘ የቀረው ቢጠቁርም ፊት ነው። ከበሩ በላይ ደግሞ ዐይን ያለበት ጠልሰም ብታደርጊ ያምር ነበር።

ወለተ ብራና፣ 4፡41
በጎን ማዞሩን እደግፋለሁ። ጠልሰሙን ግን ተዉት። ጠልሰም ሕመምተኛ ይድንበታል ተብሎ በክታብ ላይ የሚሣል ነው፤ ክፉውን ሊያባርር እንጂ ክፉ ሊሆን አይደለም። የማስፈራሪያ ጌጥ ማድረግ ትርጉሙን መገልበጥ ነው።

ሐረግ፣ 4፡46
ከበሩ በላይ ያልኩት እኮ ቤቱን እንዲጠብቅ ነው። ጠባቂው ተሰንጥቆ ቢታይስ? ታሪኩ ያ ቢሆን?

ወለተ ብራና፣ 4፡50
ፊልሙ ውስጥ ካለ እሺ። ከሌለ ፖስተሩ ያልተሠራ ፊልም እያስተዋወቀ ነው።

ሰባተኛ ረድፍ፣ 4፡52
እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ መብራት አጥፍቼ አልተኛም።

የቀለም ልጅ፣ 5፡55
ጠልሰም ፊልሙ ውስጥ የለም፣ ስለዚህ ተውኩት። ከቀረጻው ቀን ፎቶዎች መካከል በጎን የተነሣችበት አገኘሁ! ከበሩ ስንጥቅ የሚገባው ብርሃን አፍንጫዋን ይዞ ይወርዳል፤ ዐይኗ አንዲት ነጥብ ሆናለች። ደሙን ከፊደሉ ላይ አንሥቼ ከቁልፉ ቀዳዳ አንዲት ጠብታ ብቻ አወረድኩ። ለፕሮዲዩሰሩ ሁለቱንም ልኬለታለሁ፣ እስካሁን አልመለሰልኝም። ጥቁሩን 60፣ 40፣ 40፣ 100 አድርጌዋለሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ እሆናለሁ።

ማለዳ፣ ጠዋት 1፡15
ሰላም፣ አሁን ነው ያየሁት። ፋይሉን ወደ ሲኤምዋይኬ ብትቀይሪው ይስተካከላል።

የማተሚያ ሰው፣ ጠዋት 4፡20
ልጄ፣ የፊቷ ሙከራ እንዴት ወጣ? ኅትመቱ ከተጀመረ ቅጂዎቹን ወዲያው እንዳትደራርቢያቸው፤ ጥቁሩ በጣት ሲነካ የማይለቅ እስኪሆን ድረስ ዘርግተሽ አቆዪያቸው።

ወለተ ብራና፣ ከቀኑ 9፡30
እኛም እየጠበቅን ነው። ፕሮዲዩሰሩ የትኛውን መረጠ?