ዊንዶውስ 10 አበቃለት፤ እናንተ ምን ትጠቀማላችሁ? ለምንስ?

ግራ_ገባኝ

ሰላም ለዚህ ቤት። ላፕቶፔ ላይ ያለው ዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ኦክቶበር 14፣ 2025 አቁሟል (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ)። ወደ 11 ላሳድገው ብል ኮምፒውተሩ መስፈርቱን አያሟላም ይለኛል። ፕሮሰሰሩ ሰባተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ነው፣ ራሙ 8 ጊጋ። እቃው ምንም አልሆነም። ባትሪው ትንሽ ደከመ እንጂ ስክሪኑም ኪቦርዱም እንደ አዲስ ነው።

አሁን አንዱ ጓደኛዬ "ሊኑክስ ጫንበትና ተገላገል" ይለኛል፣ ሌላው "ማክ ግዛና እረፍ" ይለኛል፣ ሦስተኛው ደግሞ "ምን አስነካህ፣ እየሠራ አይደል እንዴ?" ይለኛል። ሦስቱም እርግጠኞች ናቸው። ግራ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ።

የምሠራበት ጽሑፍ፣ ኤክሴል፣ ብሮውዘር፣ አልፎ አልፎ ፎቶ ማስተካከል ነው። ጌም አልጫወትም። እባካችሁ "እንትን ይሻላል" ብቻ ብላችሁ እንዳትሄዱ። ምን እንደምትሠሩበትና ምኑ እንደሚያናድዳችሁም ጻፉልኝ።


ዝምተኛው

ዊንዶውስ 11። ምክንያት፦ ስገዛው አብሮት ነበር።


ሒሳብ_አጥኚዋ

ዝምተኛው የቀለደ እንዳይመስልህ። ብዙ ሰው የሚጠቀመው ሲገዛ አብሮት የመጣውን ነው፣ ከዚያ ይለምደዋል፣ ከለመደው በኋላ ደግሞ መርጬው ነው ይላል።

እኔም ዊንዶውስ ነኝ፣ ግን ስለወደድኩት አይደለም። ሥራዬ ሒሳብ ነው። የምንሠራባቸው የኤክሴል ፋይሎች በማክሮ (ተደጋጋሚ ሥራን በራሱ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) የታጨቁ ናቸው፤ ማክሮዎቹን የጻፋቸው ሰው ሥራ ከለቀቀ ቆይቷል፣ ማንም ሊነካቸው አይደፍርም። አንዴ ጊዜ ሲኖረኝ ሊብሬኦፊስ በሚባለው ነፃ የቢሮ ፕሮግራም ከፍቼ ሞከርኳቸው። ሠንጠረዡ ተከፈተ፣ ቀለሙ ሳይቀር ልክ ነው። ማክሮው ግን ግማሹ ሠራ፣ ግማሹ ዝም አለ። ዳታን ከሌላ ቦታ ስቦ የሚያስተካክለው ፓወር ኩዌሪ ጭራሽ የለም። ማክ ላይ ኤክሴል አለ፣ ግን ትልልቅ ሠንጠረዦችን አያይዞ የሚተነትነው ፓወር ፒቮት የለውም። እና እኔ የመረጥኩት ኤክሴልን ነው፣ ዊንዶውስ ተከትሎት መጣ።

አንተም ከሌሉ ሥራህ የሚቆምባቸውን ፕሮግራሞች ወረቀት ላይ ጻፋቸው። ሦስት ወይም አራት ቢሆኑ ነው። መልሱን እነሱ ይነግሩሃል። ኤክሴል ስትል መደመርና ማባዛት ብቻ ከሆነ የትም ይሠራልሃል።

ያናደደኝን ጠይቀሃል። አፕዴቱን "በኋላ" እያልኩ ሳምንታት ገፋሁት፣ ከዚያ ሪፖርት የማስረክብበት ቀን ላይ ራሱን አጥፍቶ መጫን ጀመረ። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሴቲንግ ውስጥ የሥራ ሰዓትን መርጦ በዚያ ሰዓት ሪስታርት እንዳያደርግ ማዘዝ ይቻላል። ያን ቀን ግን ማን ይህን ያስባል።


ባለ_ፔንግዊን

ሊኑክስ ሚንት። ስድስት ዓመት ሆነኝ፣ ያውም ካንተው በሚያረጅ ማሽን ላይ።

መጀመሪያ ግን "ሊኑክስ" ሲሉህ አንድ ወጥ ነገር እንዳይመስልህ። ሊኑስ ቶርቫልድስ ሄልሲንኪ ተማሪ እያለ በ1991 ያወጣው ከርነሉን ነው፣ ከሃርድዌሩ ጋር የሚነጋገረውን እምብርት። ያንን ወስደው ዴስክቶፑንና ፕሮግራሙን እየጨመሩ የሚያዘጋጁት ብዙ ናቸው፦ ዴቢያን፣ ኡቡንቱ፣ ፌዶራ፣ ሚንት፣ አርች። (በመጀመሪያ ቀንህ አርች ጫን የሚልህ ካለ ጓደኝነቱን መርምር።) ሚንት የተሠራው ኡቡንቱ ላይ ተመሥርቶ ነው፣ መልኩም ከዊንዶውስ ለመጣ ሰው አያስደነግጥም፤ ሜኑው ከታች በግራ፣ ሰዓቱ ከታች በቀኝ። ሚንት 22 እስከ 2029 አፕዴት ያገኛል፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ አትቀያይርም።

ለምን እንደምወደው? አፕዴቱ አንድ ቦታ ነው። ሲስተሙም፣ ብሮውዘሩም፣ ሊብሬኦፊሱም በአንድ ጠቅታ ይታደሳሉ፣ ሪስታርት የማደርገውም እኔ ስፈልግ ነው። ሜኑው ውስጥ ማስታወቂያ የለም። "ይሄ የፕሮግራመሮች መጫወቻ ነው" የሚሉትን ደግሞ ተዋቸው። ከ2017 ማብቂያ ጀምሮ ከዓለም 500 ፈጣን ሱፐር ኮምፒውተሮች አንዱም ሳይቀር በሊኑክስ ነው የሚሠሩት፣ ስልክህ አንድሮይድ ከሆነም ኪስህ ውስጥ ያለው ያው ከርነል ነው።

አሁን የሚያናድደው። መጀመሪያ የጫንኩበት ላፕቶፕ የዋይፋይ ካርዱን አላወቀውም። ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨሩ ያስፈልጋል። በመጨረሻ ስልኬን በዩኤስቢ ሰክቼ ኢንተርኔቱን ከሱ ወሰድኩ፣ ይህ ዘዴ እስኪገለጥልኝ ግን ግማሽ ቀን ሄዷል። ሌላ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ክዳኑን ስዘጋው የተኛ ይመስላል እንጂ አይተኛም ነበር፤ ቦርሳ ውስጥ ከትቼው ሄጄ ስከፍተው እንደ ምጣድ ግሏል። የጣት አሻራ ማንበቢያ ያላቸው ላይም ብዙ ጊዜ አሻራው አይሠራም።

ስለዚህ ሳትጭን ሞክረው። ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል፣ ፍላሹ ላይ ያለው ስለሚጠፋ ፋይልህን አውጣ። ሩፈስ ወይም ቬንቶይ በሚባለው ፕሮግራም አዘጋጀውና ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነሳው። ዲስክህን ሳይነካ ይከፈትልሃል። ከዚያ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን፣ ፕሪንተሩን፣ ክዳን ዘግቶ መክፈቱን አንድ በአንድ ፈትሽ። ትንሽ ቢንቀረፈፍ ከፍላሽ ስለሚሠራ ነው፣ አትፍረድበት።


ምን_አገባኝ

ዊንዶውስ 10 ላይ ነኝ፣ ንቅንቅ አልልም። ዊንዶውስ ኤክስፒንም እስከ መጨረሻው ነው የተጠቀምኩት። አንቲቫይረስ አለኝ። ምን ይመጣል?


ጠጋኝ

@ምን_አገባኝ ምን እንደሚመጣማ አይተናል ወንድሜ። በሜይ 2017 ዋናክራይ የሚባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ዓለምን ሲያዳርስ ቀዳዳውን የሚደፍነው አፕዴት ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። የተመቱት አፕዴት ያላደረጉ ማሽኖች ናቸው። ፋይላቸው ተቆልፎ "ክፈል" ተባሉ። አንቲቫይረስ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው፣ ግድግዳው ከተቀደደ ዘበኛው ምን ያደርጋል?

ጠያቂው፣ አንተም ይህን ስማ። ለዊንዶውስ 10 ተጨማሪ የደህንነት አፕዴት የሚሰጥ ፕሮግራም አለ፣ ለግለሰብ እስከ ኦክቶበር 13፣ 2026 ነው፣ መመዝገብ ያስፈልጋል። ተመዝገብና በሰላም አስብበት፣ ግን ጊዜ መግዣ ነው እንጂ መፍትሔ አይደለም። 11ንም መስፈርቱን አልፎ በጓሮ በር መጫን ይቻላል፣ ሰዎች ያደርጉታል፤ ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ያለ ማሽን አፕዴት ለማግኘቱ ዋስትና የለውም ብሏል። እኔ ለራሴ እሞክረዋለሁ፣ ለሌላ ሰው አልጭንም።

እኔ የቤተሰቡ ሁሉ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ፣ ሳልቀጠር። ያየሁትን ልንገርህ። ለአባቴ ሚንት ጫንኩላቸው። ዜና ያነባሉ፣ ኢሜይል ይጽፋሉ፣ ቪዲዮ ያያሉ፣ ስምንት ወር ሙሉ አንድም ቀን አልደወሉልኝም። እህቴ ላይ ያው ሚንት አንድ ሳምንት አልቆየም። የምትማርበት ፕሮግራም ዊንዶውስ ብቻ ነበር የሚፈልገው፣ የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በሚያስኬደው፣ ዋይን በሚባለው ለማስነሳት ሁለት ሌሊት ታገልኩ፣ በሦስተኛው ቀን ዊንዶውሷን መለስኩላት። እናቴ ደግሞ የብሮውዘሩ ምልክት ከነበረበት ቦታ ትንሽ ፈቀቅ ስላለ ብቻ "ኢንተርኔቱን አጠፋኸው" ብላ ተቆጣችኝ። እና ሌላም ጥያቄ አለ፦ ሲበላሽ ለማን ትደውላለህ? የምትደውልለት ሰው የሚያውቀው ዊንዶውስ ብቻ ከሆነ ይህም ትልቅ ምክንያት ነው።


ቆራጭና_ቀጣይ

ማክ። ቪዲዮ ኤዲት ነው የማደርገው።

ባጭሩ፦ ቪዲዮ የማቀናብርበት ፋይናል ከት ከኮምፒውተሮች ያለው ማክ ላይ ብቻ ነው፣ እጄ የለመደው እሱን ነው፣ አለቀ። የአፕል የራሱ ኤም1 ቺፕ በ2020 ማብቂያ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሌላ ዓለም ሆነ። የኔ ማክቡክ ኤር ማራገቢያ የለውም፣ ድምፅ አያሰማም፣ ቻርጀር ሳልይዝ ወጥቼ እመለሳለሁ።

ግን አንተን አልገፋፋህም። አንደኛ፣ ላፕቶፕህ ጤነኛ ነው። ሁለተኛ፣ አዳዲሶቹ ማክቡኮች ላይ ራሙን በኋላ መጨመር የለም፤ ስትገዛ የወሰድከው ራም እስከ መጨረሻው ራምህ ነው። ሦስተኛ፣ ከዊንዶውስ ያመጣኸው ኤክስተርናል ዲስክ ኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ የዲስክ ፎርማት) ከሆነ ማክ ያነበዋል፣ ግን አይጽፍበትም። ይህን ያወቅኩት ሥራ ለማስረከብ ደንበኛ ቤት ቁጭ ብዬ ነው፣ ላብ በላብ ሆኜ። ዲስክህን ኤክስፋት ወደሚባለው ፎርማት ብትቀይረው ሁለቱም ይጽፉበታል፣ መጀመሪያ ግን ፋይልህን ሌላ ቦታ አስቀምጥ፣ ፎርማት ነው። አሮጌ ማክ በርካሽ አገኘሁ ብለህም እንዳትቸኩል። ኢንቴል ያለባቸው ማክ ኦኤስ 26 የመጨረሻቸው ነው፣ አንተም አሁን ከምትሸሸው ችግር ውስጥ ተመልሰህ ትገባለህ።


ሌሊት_ተጫዋች

አንተ ጌም አልጫወትም ብለሃል ግን ሌላ አንባቢ ሊጠቅመው ይችላል። የጌም ኩባንያው ቫልቭ በ2018 ፕሮቶን የሚባለውን ካመጣ ወዲህ የዊንዶውስ ጌሞች ሊኑክስ ላይ በብዛት ይሠራሉ፣ በእጅ የሚያዘው ጌም መጫወቻው ስቲም ዴክም በሊኑክስ ነው የሚሄደው። ችግሩ ኦንላይን ላይ ነው። አጭበርባሪ ለመያዝ ከርነል ውስጥ የሚገባ መቆጣጠሪያ ያላቸው፣ ቫሎራንትን የመሳሰሉ፣ አይከፈቱም። እኔ ለሱ ስል ዊንዶውስ አለኝ፣ ለሌላው ሁሉ ፌዶራ።


ግራ_ገባኝ

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ሒሳብ_አጥኚዋ እንዳልሽው ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ኤክሴሌ መደመር ነው፣ ማክሮ የሚባል ነገር ነክቼ አላውቅም። ፎቶ የማስተካክለው ፎቶሾፕ ላይ ነው፣ ግን የማደርገው መቁረጥና ብርሃን መጨመር ብቻ ነው። ሊኑክስ ላይ ፎቶሾፕ አለ? ደግሞስ ያ ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ መጻፍ መማር አለብኝ?


ባለ_ፔንግዊን

ፎቶሾፕ የለም። ለመቁረጥና ለብርሃን ግን ጊምፕ የሚባለው ነፃ የፎቶ ፕሮግራም ይበዛብሃል እንኳን። ዊንዶውስን ሳትለቅ ልመደው፤ ጊምፕም ሊብሬኦፊስም ዊንዶውስ ላይ ይሠራሉ፣ ዛሬውኑ ጫንና ሁለት ሳምንት በነሱ ብቻ ሥራ። ከተማረርክ ሌላ ቦታ መሄድ አያስፈልግህም፣ አወቅከው ማለት ነው።

ያልከውን ጥቁር መስኮት፣ ተርሚናሉን፣ ለዕለት ተዕለት ሥራ አትፈልገውም። ችግር ሲገጥምህና ኢንተርኔት ላይ መፍትሔ ስትፈልግ ግን ሰዎች የሚሰጡህ ትእዛዝ ነው፣ ገልብጠህ ትለጥፋለህ። "ሱዶ" ብሎ የሚጀምር ከሆነ ምን እንደሚሠራ ሳይገባህ አትለጥፍ፣ ያ ቃል ሙሉ ሥልጣን መስጠት ነው። እኔ አንዴ ተጣድፌ የዲስኩን ስም በአንድ ፊደል ተሳስቼ የሦስት ዓመት ፎቶ ደምስሻለሁ። ባክአፕ አልነበረኝም። እስካሁን ሳስበው ሆዴን ይቆርጠኛል።


ጠጋኝ

ከመጫንህ በፊት ሁለት ነገር ልጨምር፣ ሁለቱም ሰው ሲያስለቅሱ አይቻለሁ። ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ቢትሎከር በርቶ እንደሆነ እይ። ከበራ የማገገሚያ ቁልፉን፣ 48 አሃዝ ነው፣ ከኮምፒውተሩ ውጭ ጻፈው። ሴኪዩር ቡትን (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልታመነ ሲስተም የሚከለክለውን ሴቲንግ) ስትነካ ዊንዶውስ ያንን ቁጥር ሊጠይቅህ ይችላል፣ ከሌለህ ፋይሎችህን ተሰናበት። ሁለቱን ጎን ለጎን ልታስቀምጥ ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ፋስት ስታርትአፕን አጥፋ፤ አለበለዚያ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ሊኑክስ ፋይሎችህን ያሳይሃል እንጂ አያስነካህም።

ሰዓቱ ቢዛባብህም አትደንግጥ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ሰዓት ዊንዶውስ የአካባቢ ሰዓት ነው ብሎ ይይዘዋል፣ ሊኑክስ ደግሞ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ነው ብሎ። አንዱን ከሌላው ጋር እንዲስማማ ማድረግ ነው።


ግራ_ገባኝ

እሺ፣ የሆነውን ልንገራችሁ። ሁለቱን ሳምንት በጊምፕና በሊብሬኦፊስ ጨረስኩ። ሊብሬኦፊስ ምንም አላለኝም፣ ጊምፕ ግን መጀመሪያ ላይ አሳብዶኝ ነበር፣ መሣሪያዎቹ ያሉበት ቦታ ሁሉ ሌላ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ለመድኩት።

ትናንት ማታ ሚንትን ከፍላሽ አስነሳሁ። ዋይፋይ ወዲያው ያዘ። ድምፅ አለ፣ ካሜራ አለ። ክዳኑን ዘግቼ ሩብ ሰዓት ቆየሁና ከፈትኩት፣ ተነሳ፣ አልጋለም። ፕሪንተሩን ገና ሳልነግረው ራሱ አገኘው፣ ዊንዶውስ ላይ እንኳ ድራይቨር ነበር የምጭነው። ቢትሎከርም ጠፍቶ ነው ያለው። ፋይሎቼን ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ገልብጫለሁ፣ ቅዳሜ ከዊንዶውሱ ጎን እጭነዋለሁ። ዊንዶውሱን ለጊዜው አላጠፋውም፣ ፈሪ በሉኝ።

አንድ ነገር ብቻ። ያው ፕሪንተር ላይ ያለው ስካነር አልሠራም። ህትመቱ ይወጣል፣ ስካን ስለው ግን "መሣሪያ አልተገኘም" ይላል። ምን ላድርግ?


ባለ_ፔንግዊን

ሞዴሉን ጻፍልኝ። ደግሞ በዩኤስቢ ነው በዋይፋይ የተገናኘው?