በመሀረብ የተቋጠረው የቫሮሻ ቁልፍ

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ቆጵሮስ ውስጥ ሊማሶል ከተማ አንዲት አረጋዊት የምትንከባከብ እህቴ፣ እኒህ እናት እ.ኤ.አ. በ1974 የቱርክ ጦር ሲገባ ጥለውት የሸሹትን የቫሮሻ ቤታቸውን ቁልፍ ዛሬም በመሀረብ ቋጥረው ትራሳቸው ሥር እንደሚያኖሩ ነገረችኝ። ሰፈሩ ምን ሆኖ ነው የማይመለሱት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቫሮሻ በምሥራቅ ቆጵሮስ ያለችው የፋማጉስታ ከተማ የባሕር ዳርቻ ሰፈር ሲሆን፣ ነዋሪው ከሸሸ በኋላ ጦሩ በሽቦ አጥሮ ዘጋው፤ የጸጥታው ምክር ቤት በ1984 በውሳኔ ቁጥር 550 ከነዋሪዎቹ በቀር ማንም እንዳይሰፍርበት ቢያሳስብም ባለቤቶቹ አልተመለሱም። በ2020 ከፊሉ ለጎብኚ ሲከፈት የገዛ በራቸውን ከገመድ ማዶ ቆመው ያዩ አሉ፤ ይህ ለእኔ ከሽቦው ይብሳል።

ሌላ መልስ፦ ቅርሱም አብሮ ተሰዷል፤ በሰሜን ቆጵሮስ ካለው የሊትራንጎሚ መንደር ቤተ ክርስቲያን የተፈነቀሉት ጥንታዊ ሞዛይኮች (ከትናንሽ ባለቀለም ጠጠሮች የተሠሩ ሥዕሎች) አሜሪካ ድረስ ተሸጠው፣ በ1989 ኢንዲያናፖሊስ ያስቻለው ፍርድ ቤት ለቆጵሮስ ቤተ ክርስቲያን ፈረደ። (ደሴቲቱ ለሁለት ስትከፈል ከደቡብ ወደ ሰሜን የተሰደዱት ቱርክኛ ተናጋሪ ቆጵሮሳውያንም ቤታቸውን እንዳጡ አይዘንጋ።)