ለኢትዮ-ጅቡቲ መስመር የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ይገዛ ወይስ አይገዛ?

መነሻ፦ የድሮው ምድር ባቡር የናፍጣ ሎኮሞቲቮች (ፉርጎዎቹን የሚጎትቱት የባቡር ራሶች) አርጅተዋል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከሰበታ ጅቡቲ ውስጥ እስካለው ናጋድ ጣቢያ ጭነት የሚያመላልሰው የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። ችግሩ መብራት ሲቋረጥ መንገድ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ለጭነት የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ይገዛ የሚሉ አሉ። እናንተስ?

ትራንዚተሩ፦ ይገዛ እንጂ! ኬንያን እዩ። የሞምባሳ-ናይሮቢን መስመር በ2017 እ.ኤ.አ. ስትከፍት በናፍጣ ነው የጀመረችው። መብራት ሄደ መጣ አያሳስባትም። እኛ ጋ ማዳበሪያ የጫነ ባቡር ክረምት ሲቃረብ ከቆመ የሚጎዳው ገበሬው ነው። ዝናቡ ባቡር አይጠብቅም።

የድሬ ልጅ፦ ስለ ማዳበሪያው ልክ ነህ ወንድሜ። ግን ናፍጣው ከየት ይመጣል? እሱም በዶላር ተገዝቶ፣ በዚያው በጅቡቲ በኩል ነው የሚገባው። ኤሌክትሪኩ ግን ከራሳችን ወንዞች ነው። መንገዱንም አስበው። ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከባዱ ጭነት ደግሞ ሽቅብ የሚመጣው ነው። የናፍጣው ሎኮሞቲቭ ሞተሩንም ነዳጁንም ተሸክሞ ነው የሚወጣው። ሞተሩ ጄኔሬተር ያዞራል፤ ጄኔሬተሩ ጎማዎቹን ለሚያዞሩት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ኃይል ይሰጣል። የኤሌክትሪኩ ይህን ሁሉ አይሸከምም። ከላይ ከተዘረጋው የ25 ኪሎ ቮልት ሽቦ እየሳበ ይወጣል። ታንዛኒያም አዲሱን መስመሯን በኤሌክትሪክ ነው የሠራችው።

ትራንዚተሩ፦ ሽቦው ላይ ኃይል ካለ ነዋ! ከጠፋስ? ቢያንስ የድሮዎቹን ጠግነን እንጎትትባቸው።

የድሬ ልጅ፦ አይሆንም። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው፣ የአዲሱ 1,435 ሚሊሜትር። አይገጥሙም። ከተገዛ አዲስ ነው የሚገዛው። እኔ ጭራሽ አይገዛ አላልኩም። መብራት ሲጠፋ የቆመውን ባቡር ጎትቶ ጣቢያ የሚያስገባ፣ በሰላሙ ቀን ደግሞ ሞጆና ድሬዳዋ ላይ ፉርጎ እየለየ የሚያሰልፍ ጥቂት ይገዛ። ዋናው ገንዘብ ግን ለባቡሩ ኃይል በሚያደርሱት መስመሮችና ማከፋፈያ ጣቢያዎች ላይ ይዋል። በሽታው እዚያ ነው። ሌላም ነገር አለ፤ ድሬዳዋ የናፍጣ ሞተር ፈትተው መልሰው የሚገጥሙ አንጋፋ ሙያተኞች አሏት። ዕድሜያቸው እየገፋ ነውና አዲሶቹ ሲመጡ ወጣቶቹን ያሠልጥኑ።

ትራንዚተሩ፦ በሙያተኞቹ እስማማለሁ። «ጥቂት» የምትለው ግን ስንት ነው? በማዳበሪያ ወቅት ሦስት ባቡር በተለያየ ቦታ ቢቆም፣ ድሬዳዋ ያለው አንድ ሎኮሞቲቭ የትኛው ጋ ይደርሳል? መጀመሪያ እሱን መልስልኝ።